ጎተራ የቀባችው ጁም

ኡቦን ከተማ ውስጥ፣ ከሙን ወንዝ ድልድይ ወረድ ብሎ፣ ለመነኮሳት የሚሰጠውን ቢጫ ባልዲ ከነሳሙናው ከነሻማው የሚሸጥ ሱቅ አለ። ፎቁ ላይ ጁም ትሠራለች። መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ቹቲካን ነው፤ በሱ ግን ባንክና ሆስፒታል ካልሆነ የሚጠራት የለም። አርባዋን ያለፈች፣ አጭር፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። ባል አላገባችም። ጠያቂ ሲበዛባት "አልሰማ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያናድደኝ ኮምፒውተር አለኝ፣ ሁለተኛ ምን ያደርግልኛል?" ትላለች። ጠያቂው ይስቃል፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል።

ወጣትነቷን የጨረሰችው ባንኮክ ነው። አንድ ትልቅ የኢንተርኔት መደብር ገብታ፣ ሰው ጫማና ድስት የሚመርጥበትን ገጽ ከሚሠሩት አንዷ ነበረች። ደመወዙ ጥሩ፣ አየሩ መጥፎ ነበር። አባቷ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ጓዟን ጠቅልላ ወደ ኡቦን ተመለሰች፤ ሲሞትም እዚያው ቀረች። አልጸጸታትም። ከባንኮክ ይዛው የመጣችው አንድ ነገር ቢኖር ስብከቷ ነው፤ ስብከቱም ስለ ጎተራ ነው።

እኛ ዘንድ ጎተራና ቤት አንድ ጣራ ሥር አይሠራም። ሩዙ ለብቻው፣ በቋሚ እንጨት ላይ በተሠራ ጎተራ ይቀመጣል፤ ሰው በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ እንግዳም የሚስተናገደው እዚያው ነው። ጁም ሥራዋን የምታስረዳው በዚህ ነበር። ድረ ገጽ ስትሠሩ፣ ትላለች፣ የምታስቀምጡት መረጃ ጎተራ ነው፤ ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው በረንዳ ነው። በረንዳውን ዛሬ ሰማያዊ፣ ነገ ቀይ ቀቡት፣ ሲያሰኛችሁ አፍርሳችሁ ሥሩት። ሩዙን ግን አትንኩብኝ። ሩዝ በረንዳው ምን እንደተቀባ ማወቅ የለበትም።

አብሯት የሚሠራው ቶይ የሚባል፣ ከሷ በዕድሜ የሚያንስ ባለትዳር ነው። በረንዳው የሱ ነው፤ ቀለሙንና አቀማመጡን፣ ጣት የሚነካውን ሁሉ እሱ ይሠራል። ጎተራው የጁም ነው። ሁለቱ ተጨቃጭቀው ይውላሉ፣ ተጨቃጭቀው አብረው ይበላሉ።

"ፒ ጁም" ይላታል፤ ታላቁን ሁሉ ፒ ብሎ መጥራት ወግ ነውና። "ቀኑን እንዲሁ በጽሑፍ ብታስቀምጪልኝ ምን ነበረበት? 'ማክሰኞ፣ በዝናቡ ወር፣ ከምሳ በኋላ' ብለሽ። እኔ ጋ ሲደርስ እንዳለ ለሰው ማሳየት ብቻ።"

"አንተ እንዳትደክም እኔ ሩዙን ቀቅዬ ጎተራ ላስገባ?"

"መድከሙን ትቼ እርቦኝ ነው።"

"የተቀቀለ ሩዝ ጎተራ ውስጥ ይሸታል፣ ቶይ። ጥሬውን ውሰድ፣ እዚያው በረንዳህ ላይ ቀቅለህ ብላ።"

ቶይ እያጉረመረመ ይወስዳል። ይህን ሁሉ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጁም ይህንን ሕግ ከማንም በላይ ታውቀው ነበር፤ ያፈረሰችውም እሷው ናት።

ነገሩ የመጣው መምህርት ሱዋፓ የሚባሉ ጡረተኛ ደረጃውን ሲወጡ ነው። ሴትየዋ አንድ ማኅበር ያስተባብራሉ። የሀገሩ ልጃገረድ ሁሉ በአውቶቡስ እየተጫነ ወደ ባንኮክ ፋብሪካ በሚሄድበት ዘመን፣ ብዙዎቹ እዚያው ወልደው፣ ማሳደጊያ አጥተው፣ ሕፃናቱን ለባዕድ ሀገር ሰው ሰጥተው ተመልሰዋል። ተመልሰውም ዝም ብለዋል። አሁን ልጆቹ ጎልማሳ ሆነው ይፈልጋሉ፣ እናቶቹ አርጅተው ይፈልጋሉ፤ መገናኛው ግን የለም። መምህርት ሱዋፓ መገናኛ ድረ ገጽ ፈለጉ።

"የወለዱበትን ቀን በቁጥር የሚያውቁ እናቶች ጥቂት ናቸው" አሉ ወንበሩ ላይ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። "ግን ከሳምንቱ በየትኛው ቀን እንደወለዱ የማያውቁ የሉም።"

ይህ እውነት ነው። የሳምንቱ ቀን ሁሉ የራሱ ቀለም አለው፤ ሰኞ ቢጫ ነው፣ ማክሰኞ ሮዝ፣ ዓርብ ሰማያዊ። ልጅ ስም የሚወጣለት በዚያ ነው፣ ስለቱም ጸሎቱም በዚያ ነው። ረቡዕ ብቻ ሁለት ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የተወለደ የረቡዕ ቀን ልጅ ነው፣ አረንጓዴ ነው። ከጠለቀች በኋላ የተወለደ የረቡዕ ሌሊት ልጅ ነው፣ እሱ ግራጫ ነው። የሁለቱ ዕጣ ለየቅል ነው፤ ፊደል ያልቆጠረች ሴት እንኳ አታደባልቃቸውም።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። የማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች በሞተር ብስክሌት በየመንደሩ እየዞሩ እናቶቹን ይጠይቃሉ፣ መልሱን በስልክ ያስገባሉ፤ የትኛው ቀን፣ የትኛው የእንስሳ ዓመት፤ ዓመቱ ሁሉ በእንስሳ ስም ነው የሚጠራው። ውጭ ያሉት ልጆች ደግሞ የተወለዱበትን ቀንና ሰዓት ያስገባሉ፣ ፕሮግራሙ የሳምንቱን ቀን ራሱ ያሰላል። ቀኑና ዓመቱ የገጠመላቸውን ማኅበሩ ዝምድናን የሚለይ የምራቅ ምርመራ ያስደርግላቸዋል። ሁሉንም ለማስመርመር አቅም የለውም። እንግዲህ ቀኑ በር ነበር ማለት ነው፤ በሩ ካልተከፈተ ምርመራም የለም።

ጁም ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ስልኩ ገጠር ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ወጣች። መጀመሪያ የገቡት ሜ ቡንሊየን ቤት ነው። ሜ እናት ማለት ነው፤ መንደሩ በሙሉ እንዲያ ይጠራቸዋል። ስድሳዎቹን ሊጨርሱ የተቃረቡ፣ በቋሚ እንጨት ላይ ከቆመው ቤታቸው ወለል ሥር ባለው የቀርከሃ መደብ ላይ ተቀምጠው ምንጣፍ የሚሸምኑ ሴት ናቸው። ባል ሞቶባቸዋል። ከባልየው ልጅ አልወለዱም።

"ልጁ መቼ ተወለደ፣ ሜ?" አለች ጁም።

"ረቡዕ ሌሊት። በዘንዶ ዓመት፣ ዝናቡ ላይ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አንቺ ስትወልጂ ትጠይቂኛለሽ" አሉ ሜ፣ እጃቸው ከሽመናው ሳይነሳ። በጎ ፈቃደኞቹ ሳቁ፤ ጁምም ሳቀች። ከዚያ ሜ ቀና ብለው ጁምን ለማየት አንገታቸውን እንደ ዶሮ አዘነበሉ። "እዚህ ነሽ። የማየው መሐሉን ብቻ ነው፣ ጎንና ጎኑ ጨልሟል። የዓይን ግፊት ነው አለኝ ሐኪሙ። መሐሉም አይቆይም ብሎኛል።"

"መድኃኒት የለውም?"

"ጠብታ ሰጥቶኛል። ጠብታው እኔንም በሽታውንም እኩል ያባብላል።" ክሩን ጠበቅ አደረጉ። "ስሚኝ ልጄ። ገንዘብ አልፈልግበትም፣ ጡረኝም አልለው። ፊቱን አይቼ መቃብር ልግባ። ያን ዕለት በጨርቅ ጠቅልለው ነው የወሰዱት። ስታዪው ይብስብሻል ብለው ፊቱን አላሳዩኝም። አንድ ጊዜ ልየው፣ ከዚያ ዓይኔ ይሂድ።"

ጁም ስልኩ ላይ አቀረቀረች። ሰው ፊት ማልቀስ አትወድምና ስልኩን የምታስተካክል መሰለች። ስትነሳ "እቸኩላለሁ፣ ሜ" አለቻቸው። ቃሏንም ጠበቀች፤ ቸኮለች።

የኡቦን የሻማ በዓል ቀርቦ ነበር። የክረምቱ ጾም ሲገባ ሀገር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ መምህርት ሱዋፓም ድረ ገጹ ያን ዕለት፣ ሕዝቡ ባለበት እንዲከፈት ቆርጠዋል። በዚያው ሰሞን የቶይ አባት ሞተ። ቶይ እንደ ወጉ ፀጉሩን ተላጭቶ የመነኮሳት ቢጫ ልብስ ለበሰ፣ አባት በልጁ ቀሚስ ጫፍ ተንጠልጥሎ ወደ ሰማይ ይወጣ ዘንድ። ለቀብሩ ብቻ ሊሆን አስቦ ነበር፤ እናቱ "ክረምቱን ግባልኝ" ብላ እግሩ ላይ ስትወድቅ እሺ አለ። ገዳም የገባን ሰው ደግሞ በረንዳዬን ቀባልኝ አይሉትም። ጁም ሁለቱንም ለብቻዋ ያዘች።

ጎተራና በረንዳ የተለያዩት ሁለት ሰው ስለሚሠራቸው ነበር። አሁን ከዚህ ወደዚያ የምትመላለሰው አንዲት ሴት ናት፤ አጥሩ ለማን ይቁም? የእናቶቹ መልስ ስልኩ ላይ እንደ ካርድ ሆኖ ይታያል፤ ካርዱ በልጁ ቀን ቀለም ይቀባል። ቀኑን አስቀምጦ፣ ሲታይ ወደ ቀለም መለወጥ አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው። ጁም ያንን ሥራ ዘለለችው። ቀኑ በሚቀመጥበት ቦታ ቀለሙን አስቀመጠች። "ሰኞ" በሚለው ፋንታ "ቢጫ"፣ "ረቡዕ ሌሊት" በሚለው ፋንታ "ግራጫ"። ቢጫ ሰኞ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? ሌላ ሀገር ያለ ሠራተኛ ይህንን ስሕተት ሊሠራ አይችልም፤ ቀንና ቀለም አንድ የሆኑበት ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ቶይ ሲመለስ አስተካክለዋለሁ አለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ረስታ አይደለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆኖ ነው።

በዓሉ ደረሰ። የሰም ምስል የተሸከሙት ሠረገሎች እየተጎተቱ ያልፋሉ፣ ከበሮው ጆሮ ያደነቁራል፤ ማኅበሩ ጥላ ዘርግቶ እናቶቹን ካርዳቸውን ያሳያል። አንዲት እናት የራሷን ስታይ እሪ ብላ አለቀሰች። "ይሄ አመድ ነው። ልጄ ሞቷል ማለት ነው?" ሌላዋም የሷን አይታ ፊቷን አዞረች። መምህርት ሱዋፓ ጁም ጋ መጡ።

"ጁም፣ ግራጫውን አንሺልኝ። ለቅሶ ቤት አስመሰልሽብኝ።"

"የረቡዕ ሌሊት ቀለም እኮ ነው፣ መምህርት።"

"እሱንማ እኔም አላጣሁት። ለማሳየት ብቻ ነው። እንደ ረቡዕ ቀኑ አረንጓዴ አድርጊውና ይረፉ።"

ሴትየዋ የጠየቁት ትክክል ነበር፤ በረንዳውን ቀቢልኝ ነው ያሉት። ጁም ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በአንድ እጇ የሚጣበቀውን ሩዝ እያድበለበለች፣ በሌላው አንድ መስመር ጻፈች፤ ግራጫ ያለውን ሁሉ አረንጓዴ አድርግ፣ ከእንግዲህ የሚገባውንም እንዲሁ። ኮምፒውተር ታዛዥ ነው። አደረገ። ያለቀሰችው እናት አረንጓዴውን አይታ እንባዋን ጠረገች፣ መምህርት ሱዋፓ "ተባረኪ" አሉ፣ ጁም ሩዟን ጨረሰች።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዚያ ጎተራ ውስጥ ረቡዕ ሌሊት የወለደች እናት አልነበረችም። ሁሉም ረቡዕ ቀን የወለዱ ሆኑ። የልጆቹ ቀን ግን ከሰዓታቸው ስለሚሰላ አልተነካም፤ የረቡዕ ሌሊት ልጅ መጥቶ ሲጠይቅ ፕሮግራሙ ግራጫ እናት ይፈልግለታል፣ አንዲትም አያገኝም። ተበላሸሁ ብሎ አይጮኽም። በትሕትና "እስካሁን አልተገኘም" ይላል። ይህ መልስ ለብዙዎች የሚሰጥ መልስ ስለሆነ ማንም አልደነገጠበትም።

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ ኢስፔን የሚባል ሰው ከኖርዌይ ተመዘገበ። የተወለደው ባንኮክ፣ በዘንዶ ዓመት፣ ዝናቡ ላይ፣ ረቡዕ ከጨለመ በኋላ። እስካሁን አልተገኘም ተባለ። ሰውየው ትዕግሥተኛ ነው። በየጊዜው እየተመለሰ ይጠይቃል፣ ያንኑ መልስ ይቀበላል።

ቶይ ክረምቱን ጨርሶ፣ ቆቡን በተላጨ ራሱ ላይ ደፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጎተራው ውስጥ አልገባም፤ እንዳይገባ ተሰብኮ ነው የኖረው። ጁም "ኋላ አስተካክለዋለሁ" ያለችውን ሌላ ሥራ ሸፈነው፣ ያንን ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው የሻማ በዓል አለፈ፣ ሦስተኛውም መጣ። ድሮ የነበረውን መልሶ ለማውጣት የሚያስችል ቅጂ ይቀመጥ ነበር፤ ግን ወር ሲሞላው በአዲስ ይተካል። ስለዚህ እሱም የለም።

አንድ ጠዋት መምህርት ሱዋፓ ደወሉ። የእናቶቹ ዓይን እየደከመ ነው፣ ካርዶቹ ደመቅ ይበሉ አሉ። ቶይ ደስ አለው፤ አዲስ ቀለም መምረጥ ይወዳል።

"ፒ፣ ቀኖቹን ወዲህ በይ" አለ።

"ውሰድ፣ እዚያው ናቸው።"

ቶይ ከፍቶ አየ። ከዚያ ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ ሳቁን ለቀቀው። "ኧረ ጉድ። ፒ ጁም፣ እዚህ ያለው እኮ ቀን አይደለም፣ ቀለም ነው። ጎተራውን ማን ቀባው?"

ጁም ተደናግጣ መነጽሯን ፈለገች። "በበዓሉ ጥድፊያ ነው። አንተ ገዳም ተኝተህ ስትበላ።"

"በቀን አንዴ ነው የምንበላው። እሺ፣ ችግር የለውም፣ ወደ ቀን እመልሰዋለሁ። ቢጫ ሰኞ፣ ሮዝ ማክሰኞ፣ አረንጓዴ ረቡዕ..." ጣቱ ቆመ። "ረቡዕ ሌሊትስ?"

"ግራጫ ነው።"

"ግራጫ የለም።"

"አለ።"

"ፒ፣ አንድም የለም። ከዚህ ሁሉ እናት መካከል ረቡዕ ሌሊት የወለደች የለችም?"

ጁም ክው አለች። ከበሮው ትዝ አላት፣ ሩዙ ትዝ አላት፣ ያቺ መስመር ፊደል በፊደል ትዝ አለቻት። ቶይ ፊቷን አይቶ ሳቁን ዋጠ።

ዝቅ ባለ ድምፅ "ሰርቨሩ ተበላሽቶ ነበር እንበላቸው" አለ። "የሚያውቅ የለም።"

"ሰርቨሩ ምን በደለን ብለህ ነው ስሙን የምታጠፋው?" አለች ጁም። ስልኩን አንስታ መምህርት ሱዋፓ ጋ ደወለች፣ የሆነውን እንዳለ ነገረቻቸው። ከዚያ አሮጊቷ መምህርት "አረንጓዴ የሆኑትን ሁሉ እንደገና እንጠይቃለን" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀኑን ቀን አድርጋ፣ ቀለሙን ለቶይ ትታ ጎተራውን እንደገና ሠራችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ መልቀሙ ሳምንታት ወሰደ። በጎ ፈቃደኞቹ እየዞሩ እናቶቹን ጠየቁ፤ አብዛኞቹ "ነግሬያችሁ አልነበር?" እያሉ መለሱ፣ ሁለት ሦስቱ ግን ሞተው ነበር። ሜ ቡንሊየንን መጠየቅ አላስፈለገም። ጁም በጆሮዋ ሰምታቸዋለች። የሳቸውን በገዛ እጇ መለሰችው፤ ረቡዕ ሌሊት። ቁልፉን ስትጫን ኢስፔን የሚለው ስም ወዲያው መጣ።

የተመዘገበበትን ቀን አየች። ከዚያ ወደ መንደሩ ደወለች። የሜ የእህት ልጅ አነሳች።

"ሜ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናት። ምንጣፏን በዳበሳ ትሠራለች። ካለፈው ዝናብ ወዲህ ዓይኗ ጠፍቷል እኮ፣ አልሰማሽም?"

ጁም አልሰማችም ነበር። ስልኩን አስቀምጣ ወደ ጓሮው ደረጃ ወጣችና አለቀሰች። ልጅየው ሲመዘገብ ሜ አንገታቸውን አዘንብለው ያዩ ነበር። ሊያዩት ይችሉ ነበር። ይህንን ማንም ሳይነግራት አውቃዋለች፣ ደግሞም ልክ ናት። ቶይ ሶም ታም፣ ያንን በቃሪያ የተወቀጠ የፓፓያ ሰላጣ፣ ገዝቶ መጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ፣ አላዋዛትም። እሷም አልበላችም።

ምርመራው ገጠመ። ኢስፔን ሙቀቱ ሲበረታ መጣ። መንደሩ ከቤቱ ወለል ሥር ተሰብስቦ ጠበቀው። ረጅም፣ ራሰ በራ፣ ከፀሐዩ የተነሳ ፊቱ የቀላ ሰው ነው፤ ጫማውን አውልቆ፣ መንበርከኩን ከየት እንደሚጀምር ስላላወቀ ተንገዳግዶ ሜ ፊት ወደቀ። ሜ እጃቸውን ዘርግተው ራሱን አገኙት።

"ፀጉሩ የት ሄደ?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። መምህርት ሱዋፓ ሲተረጉሙለት እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፣ ሜም አብረውት አለቀሱ። አዛውንቶቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ የጠፋች ነፍሱ እንድትመለስ ነጭ ክር እጁ ላይ አሰሩለት። ምግብ ቀረበ። ሶም ታሙን ቀምሶ ዓይኑ ሲያነባ፣ አንዲት ጎረቤት "እዩት፣ አሁንም ሆዱ አልቻለለትም" አለች፤ ሌላዋ "ቃሪያው ነው እንጂ፣ ውሃ ስጡት" ብላ አረመቻት። ጁም ከምሰሶው አጠገብ ቆማለች፣ አልተቀመጠችም፣ አልቀረበችም።

ሜ ድንገት "መምህርት፣ ይኼ ልጅ መፈለግ የጀመረው መቼ ነው?" አሉ።

"ቆይቷል፣ ሜ" አሉ መምህርት ሱዋፓ። "አሁን ተገናኝታችኋል፣ እሱን ይተዉት።"

ጁም ከምሰሶው ተላቀቀች። "ድረ ገጹ የተከፈተ ዓመት ነው፣ ብርዱ ላይ" አለች። "ሁለት ዓመት አልፎታል።"

"ድምፅሽን አውቀዋለሁ። የስልኳ ልጅ ነሽ" አሉ ሜ። "ያኔ እኮ እኔ መርፌ ውስጥ ክር አስገባ ነበር። ለምን ሳይነገረኝ ቀረ?"

"በኔ ነው፣ ሜ። እርስዎ ረቡዕ ሌሊት ብለውኝ ነበር። እኔ ለዓይን እንዲያምር ብዬ ረቡዕ ቀን አደረግኩት። እሱ መጥቶ እናቴ አለች ወይ ሲል፣ የለችም ተባለ። ደጋግሞ ጠየቀ፣ ደጋግሞ የለችም ተባለ። ሌላ ማንም አላጠፋም።"

የሚበላው ሁሉ መብላቱን ተወ። ኢስፔን ምን እንደተባለ በዓይኑ መምህርት ሱዋፓን ጠየቀ፤ እሳቸው አልተረጎሙለትም። የሜ እጅ ክር በታሠረበት የልጃቸው እጅ ላይ ነበር፤ ከዚያ አልተነሳም። ይቅር አላሉም፣ አልረገሙምም። መደቡ ላይ ጠጋ አሉ፣ በጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ በሌላው መዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

"ነይ እዚህ ተቀመጪ።"

ጁም ሄዳ ተቀመጠች።

"ምን ይመስላል?"

"መልከ መልካም ነው፣ ሜ" አሉ መምህርት ሱዋፓ ፈጥነው።

"እርስዎን አልጠየቅኩም፣ መምህርት። እሷን ነው።" ፊታቸውን ወደ ጁም አዞሩ። "አሳምረሽ እንዳትነግሪኝ። እንዳለ።"

ጁም ሰውየውን አየችው። አፍራ እስከዚያ ሰዓት ፊት ለፊት አላየችውም ነበር። መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አወረደች።

"ግንባሩ ሰፊ ነው" አለች። "ሁለት መስመር አለበት። የግራ ቅንድቡ ከቀኙ ከፍ ይላል። አፍንጫው የእርስዎ ነው፣ ጫፉ ላይ ጠፍጠፍ ብሏል። ከአገጩ ሥር ሲላጭ የቆረጠው አለ፣ ገና አልዳነም።"

"ቀጥይ" አሉ ሜ።